ፈረሱ፣ ጉማሬውና ኳጋዋ
የእንስሳት ምስል በምን ይዳኛል?

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሰው ሲሥል የማያወላዳ ሕግ ነበረው። ጻድቁን ሁለት ዓይኖቹ እንዲታዩ አድርጎ ፊት ለፊት ይሥለዋል። ኃጥኡንና ከሀዲውን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። ተመልካቹ ፊደል ባይቆጥር እንኳ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ዓይን ቆጥሮ ይለያል። ታዲያ የቅዱስ ጊዮርጊስ አምባላይ ፈረስ ከየትኛው ወገን ነው? ከሁለቱም አይደለም። ሰውነቱ አብዛኛውን ጊዜ በጎን ተዘርግቶ ይሣላል። ይህም ፈረሱን ከኃጥኣን ለመደመር ሳይሆን፣ የፈረስ አንገት፣ ጀርባ፣ ጭራና አራት እግር በአንድ ጊዜ ሙሉ ሆኖ የሚታየው በጎን ሲቆሙ ስለሆነ ይመስላል።

ከዚህ ቀላል ከሚመስል ነገር ውስጥ ግን ትልቅ ጥያቄ ይወጣል። እንስሳን በምስል የሚያስቀር ሰው የት ይቁም? ምን ያስገባ፣ ምንስ ያስቀር? እኛ ተመልካቾችስ ጥሩውን ከመጥፎው በምን እንለየው? ሠዓሊዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች ለዚህ ጉዳይ ኮምፖዚሽን እና ፐርስፔክቲቭ የሚሉ ሁለት ቃላት አሏቸው። የመጀመሪያው የነገሮች አቀማመጥና ቅንብር፣ ሁለተኛው የዕይታ ቦታና የርቀት ነገር ነው። ሁለቱም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ታሪኩን ከላይ ከላይ መቃኘት ለዳኝነቱ ይረዳልና እንቃኘው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጌታ የሌለው ፈረስ

ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ ውስጥ ቁመቱ ወደ ሦስት ሜትር የሚጠጋ ሸራ ተሰቅሏል። በሸራው ላይ ያለው አንድ ዳማ ፈረስ ብቻ ነው። ስሙ ዊስልጃኬት ይባላል። የሣለው ጆርጅ ስታብስ ነው፤ ዘመኑም 1762 ገደማ። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆሞ የፊቶቹን አንሥቷል። የሚጋልበው ሰው የለም፤ ኮርቻም ልጓምም የለውም። ሣር፣ ዛፍ፣ ሰማይ የሚባል ነገር አይታይም። ከኋላ ሰኮናዎቹ ሥር ከወደቀችው ጥቂት ጥላ በቀር የሸራው ጀርባ ባዶ ነው።

ይህ ለዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር። በዚያን ጊዜ ፈረስ የሚሣለው ባብዛኛው ለጌታው ክብር ነው። ንጉሡ ወይም የጦር አለቃው ከላይ፣ ፈረሱ ከታች፤ ፈረሱ እንደ ዙፋን ያገለግላል። እኛም ዘንድ ፈረስ ስሙን ለጌታው የሚሰጥ ነበር። አጼ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ስሙ ከጌታው ጋር ታሪክ ውስጥ ሲገባ የፈረሱ መልክ ግን ምን ይመስል እንደነበር የሚነግረን የለም። ስታብስ ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሰውየውን አውጥቶ ፈረሱን ብቻ አስቀረ።

ይህን ድፍረት ከየት አገኘው? ከዕውቀት ነው። ስታብስ የሊቨርፑል ቆዳ ሠራተኛ ልጅ ነበር። ከ1756 ጀምሮ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሆርክስታው በምትባል የእንግሊዝ መንደር ተቀምጦ የሞቱ ፈረሶችን በብረት መንጠቆ እያንጠለጠለ፣ ቆዳቸውን ገፎ ጡንቻቸውን በየሽፋኑ እያነሣ ሥሏል። የፈረስን አካል የሚያሳየው መጽሐፉ በ1766 ታትሞ ወጣ። እንግዲህ ያ ባዶ ጀርባ የስንፍና ባዶነት አይደለም። ፈረሱን አጥንት ድረስ የሚያውቅ ሰው ዛፍና ደመና ቢያስገባ ዓይናችንን እንደሚያባክንብን ስለተረዳ የተወው ባዶነት ነው። ጋለሪው ይህን ሥዕል በ1997 በ11 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቶታል።

ይኸው ሠዓሊ በ1763 ለንግሥት ሻርሎት ከደቡብ አፍሪካ የመጣችላትን የሜዳ አህያ ሥሏል። እንስሳዋ መስመር በመስመር በትክክል ተሥላለች። ከጀርባዋ ያለው ግን የእንግሊዝ ጫካ ነው። ሥዕሉ አይዋሽም፤ እንስሳዋ በእውነትም እንግሊዝ ነበረች። ነገር ግን የአፍሪካ ሜዳ ያፈራት እንስሳ በባዕድ ዛፍ ሥር ብቻዋን ቆማ ስትታይ ልብ የሚነካ ነገር አለ። ከሁለቱ ሥዕሎች የምንማረው የመጀመሪያው የዳኝነት መለኪያ ይህ ነው፤ ከእንስሳው ጀርባ ያለው ነገር ዝም ብሎ የቀረ ቦታ አይደለም። ባዶ ቢሆንም ይናገራል፤ ቢሞላም ይናገራል።

ከብረቱ ወዲህ፣ ከብረቱ ወዲያ

ፎቶግራፍ በ1839 ለዓለም ሲገለጥ እንስሳትን ለማንሣት የሚመች ነገር አልነበረም። ካሜራው ብርሃን ለመቀበል ረዥም ጊዜ ስለሚፈልግ ጅራቱን የሚወዘውዝ ውሻ ጅራት አልባ ሆኖ ይወጣል። ፎቶግራፍ አንሺው የሚመርጠው እንግዲህ የተኛውን፣ የደከመውን፣ አለዚያም የሞተውን እንስሳ ነበር።

በ1850 የግብፅ ገዥ ስጦታ የሆነ ኦባይሽ የሚባል ጉማሬ ከነጭ ዓባይ ተይዞ ለንደን ገባ። በአውሮፓ ምድር ከሮማውያን ዘመን ወዲህ እንዲህ ያለ እንስሳ አልታየም ተብሎ ሕዝቡ ወደ እንስሳት ማቆያው ጎረፈ። በ1852 የሞንቲዞን መስፍን የሚባል የስፔን መኳንንት ወገን ይህን ጉማሬ ፎቶግራፍ አነሣው። ጉማሬው በገንዳው ዳር ተጋድሟል። ከበስተኋላው የብረት አጥር ይታያል፤ ከአጥሩ ጀርባ ደግሞ ተመልካቾች ተደርድረዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ያስብ። ፎቶግራፉን ስናይ ከብረት ጀርባ ያሉት ሰዎቹ ናቸው፤ ጉማሬው ከፊታችን ያለ ምንም መጋረጃ ተኝቷል። ፎቶግራፍ አንሺው ይህን ሆን ብሎ ያድርገው አያድርገው መናገር አይቻልም። ምናልባት ብርሃኑ የተመቸው ከዚያ ወገን ይሆናል። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። ጥቂት እርምጃ ዞሮ ከሕዝቡ ጋር ቢቆም ኖሮ የሚወጣው የእስረኛ ምስል ነበር። አሁን ግን ማን ማንን እንደሚያይ፣ የታሰረውስ ማን እንደሆነ እንድንጠይቅ የሚያደርግ ሥራ ሆነ። እንስሳው ያው፣ ቦታው ያው፤ የተለወጠው አንሺው የቆመበት ብቻ ነው። በ1948 በተቋቋመው በስድስት ኪሎው የአንበሳ ግቢ ፎቶ የተነሣ አዲስ አበቤ ሁሉ ይህን ነገር ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ብረቱ ከአንበሳው ፊት ሲሆንና ከአንበሳው ኋላ ሲሆን ምስሉ የሚናገረው አንድ አይደለም።

አራት እግር በአየር ላይ

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የእውነት ጥያቄ ነበር። ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሮቹ በአንድ ጊዜ ከመሬት ይነሣሉ ወይስ አይነሡም? ሠዓሊዎች ለብዙ ዘመን ፈረሱን የፊት እግሮቹን ወደፊት፣ የኋላዎቹን ወደኋላ ዘርግቶ በአየር ላይ እንደሚንሳፈፍ አድርገው ሲሥሉት ኖረዋል። ፈረንሳዊው ዤሪኮ በ1821 የእንግሊዝን የኤፕሶም ሽቅድምድም የሣለው እንዲሁ ነው።

የካሊፎርኒያ ገዥ የነበረው የባቡር ሐዲድ ባለጸጋ ሌላንድ ስታንፎርድ ይህን ለማወቅ ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ቀጠረ። ሰኔ 1878 ፓሎ አልቶ በሚባል ቦታ 12 ካሜራዎች በመስመር ተደረደሩ። በመሮጫው ላይ ክር ተዘረጋ። ሳሊ ጋርድነር የተባለችው ፈረስ ስታልፍ ክሩን እየበጠሰች ካሜራዎቹን በተራ አስነሣቻቸው። ውጤቱ ሁለት ነገር አረጋገጠ። አንደኛ፣ አራቱም እግሮች በእርግጥ ከመሬት ይነሣሉ። ሁለተኛ፣ የሚነሡት ግን ሠዓሊዎቹ እንዳሰቡት ተዘርግተው ሳይሆን ከሆድ ሥር ተሰብስበው ሳሉ ነው።

ይህ ዜና የሥዕሉን ዓለም አናጋው። እንደ ደጋ ያሉ ሠዓሊዎች የማይብሪጅን ፎቶግራፎች አጠኑ። ነገር ግን ሁሉም እጁን አልሰጠም። ታላቁ ቀራፂ ሮዳን በ1911 በታተመ ቃለ ምልልሱ ለዤሪኮ ጥብቅና ቆሟል። አነጋገሩ በአጭሩ ሲጠቃለል፣ በተፈጥሮ ጊዜ ቆሞ አያውቅም፤ ሠዓሊው በአንድ ሥዕል ውስጥ ተከታታይ ቅጽበቶችን ስለሚያዋህድ ፈረሱ ሲሮጥ ይታየናል፤ ፎቶግራፉ ግን ፈረሱን አየር ላይ ያደርቀዋል የሚል ነው።

ማን ልክ ነው? ሁለቱም ልክ ናቸው ብሎ መሸሽ ይቀላል። ነገሩን ጠጋ ብለን ካየነው ግን ልዩነቱ የዓላማ ነው። ማይብሪጅ ካሜራዎቹን የደረደረው በጎን፣ በእኩል ርቀት፣ ከኋላ ነጭ ግድግዳ አቁሞ፣ በግድግዳው ላይ ቁጥርና መስመር አስምሮ ነው። ይህ ቅንብር ለልክ የተሠራ ነው። ፈረሷ ማን እንደሆነች፣ ጠባይዋ ምን እንደሚመስል እንዲነግረን አልተጠየቀም። ስለዚህ የማይብሪጅን ፎቶግራፍ ደረቅ ነው ብሎ መንቀፍ ሚዛንን ለምን አትዘፍንም እንደ ማለት ነው። በአንጻሩ የፈረስን መልክ አሳያለሁ ብሎ የተነሣ ሰው እግሩን ብቻ በትክክል ቢያሳየን ሥራውን ጨረሰ አይባልም። ሁለተኛው መለኪያ እንግዲህ ይህ ነው፤ ምስሉ ምን ሊያደርግ ተነሣ? የተነሣበትንስ አደረሰ?

ሌንሱ ወይስ እግር?

ብዙ ሰው ውሻውን ፎቶ ሲያነሣ ከቆመበት ወደ ታች ያነጣጥራል። የሚወጣውም ትልቅ ራስ፣ ትንሽ ሰውነት፣ ምንም የማይታይ እግር ነው። ከዚያ ካሜራው መጥፎ ነው ይላል። የዚህን ምክንያት በቁጥር ማስረዳት ይቻላል። የአንድ ውሻ አፍንጫ ከዓይኑ በ15 ሳንቲሜትር ይቀድማል እንበል። ካሜራው ከአፍንጫው 30 ሳንቲሜትር ቢርቅ ከዓይኑ የሚርቀው 45 ነው። አፍንጫው እንግዲህ ከዓይኑ ጋር ሲነጻጸር ከተገቢው አንድ ተኩል ጊዜ ገዝፎ ይወጣል። ሦስት ሜትር ወደኋላ ብንሄድ ግን ልዩነቱ 3 ሜትር ለ3 ሜትር ከ15 ይሆናል፤ ከመቶ አምስት እጅ ብቻ ማለት ነው። የውሻው ፊት ወደ ራሱ መልክ ይመለሳል።

ብዙዎች ይህን የሌንስ ሥራ ያደርጉታል። አይደለም። ረዥም ሌንስ የሚያደርገው ከሩቅ የቆመ ሰው ምስሉን እንዲያገዝፍ መርዳት ነው። የነገሮችን መጠን እርስ በርሳቸው የሚለውጠው አንሺው የቆመበት ርቀት ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንዲሉ፣ ሌንስም ያቀርባል እንጂ ቦታ አይመርጥም። ፈረስ የሚሸጥ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በሐቅ የሚነሣ የሽያጭ ፎቶግራፍ ከጎን፣ ራቅ ብሎ፣ ካሜራው ከፈረሱ ጎድን እኩል ሆኖ ይነሣል። ደረቱ ግዙፍ ሆኖ እንዲታይ የፈለገ ደላላ ግን ከፊት ለፊት ተጠግቶ ያነሣዋል።

ከርቀት ሌላ የከፍታም ጉዳይ አለ። አሜሪካዊው ኤሊየት ኧርዊት በ1974 ኒው ዮርክ ውስጥ ያነሣው አንድ ፎቶግራፍ ለዚህ ከማናቸውም ትምህርት ይበልጣል። ሹራብና ቆብ የለበሰች አንዲት ትንሽ ውሻ ትታያለች። አጠገቧ የአንዲት ሴት ቡትስ ጫማዎች አሉ። ከዚያ ወዲያ ሌሎች ሁለት ረዣዥም እግሮች ይታያሉ፤ ቀስ ብለን ስናይ የሌላ ግዙፍ ውሻ የፊት እግሮች ናቸው። ካሜራው ከትንሿ ውሻ ዓይን እኩል ወርዷል። ሰዎቹና ትልቁ ውሻ ከጉልበት በላይ ተቆርጠዋል። ያስቃል፤ ሆኖም የሚያስቀው ውሻዋ ላይ አይደለም። ለአንድ አፍታ ዓለምን ከእሷ ቁመት አይተን የእኛ ጌትነት ጫማ ብቻ ሆኖ ስለተገኘ ነው። ሌላ ፎቶግራፍ አንሺ እግር ቆረጠ ተብሎ ይወቀሳል፤ ኧርዊት ግን የቆረጠው ውሻዋን ሙሉ ለማድረግ ነው።

በጨለማ የበራ መብራት

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ ከሰው ጋር የሚኖሩ ወይም በሰው እጅ የገቡ እንስሳት ናቸው። የዱሩ ሌላ ነው፤ ሰው ባለበት አይገኝም። ጆርጅ ሻይረስ የተባለ አሜሪካዊ የሕግ ሰው በወጣትነቱ በሐይቅ ላይ በታንኳ እየቀዘፈ፣ በመብራት የአጋዘን ዓይን እያፈዘዘ ሌሊት የሚያድን አዳኝ ነበር። በኋላ ጠመንጃውን በካሜራ ለወጠ። በሚፈነዳ የብርሃን ዱቄት ጨለማውን እየገለጠ ያነሣ ጀመር። እንስሳው ሲነካው ካሜራውን የሚያስነሣ ክርም ዘረጋ። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በሐምሌ 1906 ዕትሙ የሻይረስን 74 ፎቶግራፎች አወጣ። መጽሔቱን የሥዕል መጽሐፍ አደረጋችሁት ብለው ሁለት የቦርድ አባላት ከሥራቸው እንደለቀቁ ይነገራል።

በክር የተነሣው ምስል ለዳኝነት ያስቸግራል። ከካሜራው ጀርባ ሰው የለም፤ ታዲያ ቅንብሩ የማን ነው? መልሱ ክሩን የዘረጋው ሰው ነው የሚል ነው። እንስሳው በየት እንደሚመጣ፣ ወዴት እንደሚያይ፣ ከኋላው ምን ዛፍ እንደሚኖር አስቀድሞ የገመተ ሰው ገና እንስሳው ሳይመጣ ምስሉን በሐሳቡ ሠርቶታል። ይህም ሆርክስታው ላይ የፈረስ ጡንቻ ይቆጥር ከነበረው ሠዓሊ ሥራ ብዙ አይርቅም። ሁለቱም የሚቆሙት በዕውቀት ላይ ነው።

ዳኞቹ ሲዳኙ

አኒማልስ የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በ1965 የጀመረው የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ውድድር፣ ከ1984 ጀምሮ የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተጨምሮበት ከዓለም ታላላቆቹ አንዱ ሆኗል። በ2009 አንደኛ የወጣው ምስል ሌሊት አጥር ሲዘል የተነሣ ተኩላ ነበር። ቅንብሩ እንከን የለውም፤ ተኩላው አየር ላይ፣ አጥሩ ከሥሩ፣ ብርሃኑ ከጎን። ይሁን እንጂ በጥር 2010 ዳኞቹ እንስሳው የሠለጠነ ለማዳ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሽልማቱን ነጠቁ። አንሺው ክዷል። በ2018 ደግሞ ካለፈው ዓመት አሸናፊዎች አንዱ የሆነ፣ ብራዚል ውስጥ በሚያበራ ኩይሳ አጠገብ የቆመ ጉንዳን በሊታ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ተሰረዘ። ባለሙያዎች እንስሳው ቆዳው ተሞልቶ በፓርኩ መግቢያ የቆመው ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ስለደረሱ ነው። የዚህኛውም አንሺ አላመነም።

እንግዲህ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል። ምስሉ ትናንት ውብ ከነበረ ዛሬ ምን ተለወጠ? መስመሩ፣ ብርሃኑ፣ ሚዛኑ ያው አይደለም ወይ? በእርግጥ ያው ነው። የተለወጠው ምስሉ የሰጠን ቃል ነው። ይህ የዱር እንስሳ ነው፣ እኔም አድብቼ አግኝቼዋለሁ ብሎ ነበር። ናሽናል ጂኦግራፊክ በየካቲት 1982 ሽፋኑ ላይ የጊዛን ፒራሚዶችና ከፊታቸው የሚያልፉ ግመሎችን ሲያወጣ፣ ሥዕሉ በቁም ገጹ እንዲገባለት ፒራሚዶቹን በኮምፒውተር አቀራርቦ ነበር። ያኔም የተቆጡት ሰዎች ቅንብሩ አላማረም አላሉም። አማረ፤ ነገር ግን ከዚያ ቦታ ላይ ማንም ሰው ቆሞ አያውቅም። የዕይታ ቦታ ማለት በመጨረሻው አንድ ሰው በእውነት የቆመበት ቦታ ማለት ነው። ያ ሲጠፋ የምስክርነቱ ነገር አብሮ ይጠፋል።

የኳጋዋ አምስት ምስል

ይህ ሁሉ የባለሙያዎች ክርክር ብቻ የሚመስለው ካለ ስለ ኳጋ ይስማ። ኳጋ በደቡብ አፍሪካ ይኖር የነበረ የሜዳ አህያ ወገን ነው። መስመሩ ራሱና አንገቱ ላይ ደምቆ ወደኋላው እየጠፋ ይሄዳል። ሰፋሪዎች አድነው ጨረሱት። የመጨረሻዋ ነሐሴ 12 ቀን 1883 አምስተርዳም ውስጥ ሞተች። ኳጋ የሚለውን ስም ሰዎች ለሌሎችም የሜዳ አህዮች ይጠቀሙበት ስለነበር፣ የመጨረሻዋ መሆኗን በጊዜው ልብ ያለ አልነበረም።

በሕይወት ሳለች ፎቶግራፍ የተነሣችው ኳጋ አንዲት ብቻ ናት። ከ1851 እስከ 1872 ለንደን ውስጥ ትኖር የነበረች ባዝራ ናት። ከእሷም በ1860ዎቹና በ1870 ገደማ የተነሡ አምስት ምስሎች ብቻ ይታወቃሉ። ባብዛኛው በጎን የተነሡ፣ ጸጥ ያሉ ምስሎች ናቸው። ዛሬ በውድድር ቢቀርቡ ሽልማት አያገኙም። ነገር ግን ያ ተራ ሰው የሚንቀው የጎን አቋቋም ባይኖር ኖሮ መስመሩ የት ላይ እንደሚያልቅ፣ በቁሟ ምን እንደምትመስል ከደረቀ ቆዳ ብቻ እንገምት ነበር። በ1984 ሳይንቲስቶች ከአንድ ሙዚየም ቆዳ ላይ የዘር ቅንጣት አውጥተው ኳጋ ለሜዳ አህያ የቅርብ ዘመድ መሆኗን አሳዩ። በ1987 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በማዳቀል መልኳን ለመመለስ ጥረት ተጀመረ። ቆዳው ዘሯን ነገረን፤ መቆሟን ያሳዩን እነዚያ አምስት ምስሎች ናቸው።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአገራችን ተራሮች ብቻ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ቁጥሩ 500 ገደማ እንደሆነ ይገመታል፤ ከእኩሌታው የሚበልጠውም ባሌ ነው ያለው። ዋልያና ጭላዳም ከኢትዮጵያ ውጭ ዱር የላቸውም። የእነዚህ እንስሳት ታዋቂ ፎቶግራፎች ብዙዎቹ ከሩቅ አገር በመጡ ሰዎች የተነሡ ናቸው፤ አንዳንዶቹም እጅግ ግሩም ናቸው። ቢሆንም የሜዳውን ሣር፣ የእረኛውን ከብት፣ ወደ ላይ እየገፋ የሚሄደውን የእርሻ ድንበር ከምስሉ ቆርጦ ቀበሮውን ብቻ ማስቀረት ቀላል ነው። ስታብስ ባዶውን የተወው ፈረሱን ከጌታው ሊያወጣው ነበር። ዛሬ የቀበሮውን ጀርባ ባዶ የሚያደርግ ሰው ግን ምናልባት የሚያጠፋውን ነገር ከዓይናችን እየሰወረ ይሆናል። አንድ ዓይነት ቅንብር በአንዱ ዘመን ነጻ ማውጣት፣ በሌላው መሸፈን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የእንስሳ ምስል ሲቀርብልን አማረ አላማረም ከማለታችን በፊት የምንጠይቃቸው አሉ። እንስሳው ራሱን ይመስላል ወይስ አንሺው የቆመበት ቦታ አጣሞታል? ካሜራው ከማን ቁመት ያያል? በጀርባው ያለው ነገር ምን ይላል፣ ከጠርዙ ውጭ የቀረውስ ምንድነው? ምስሉ የሰጠንን ቃል ጠብቋል? እነዚህን ያለፈ ምስል ውበቱ ቢያንስ እንኳ ይጠቅማል፤ የኳጋዋን ምስሎች ያነሡት ሰዎች ለማን እንደሚያነሡ ሳያውቁ ለእኛ አንሥተዋልና።